ጥቁር መኪና ይዘህ ለወርሃዊ እጥበት ልትመዘገብ ላሰብከው ወንድሜ

«ጥቁር ካምሪ ገዛሁ፤ በወር 35 ዶላር እየከፈልኩ ያለገደብ በማሽን ላሳጥባት አስቤያለሁ፤ ቀለም ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለህ የጠየቅከውን ያየሁት ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደላስ ኤርፖርት የኡበር ወረፋ ስጠብቅ ነው። መልሶቹንም አነበብኳቸው። አንዱ «መኪና ናት እንጂ ሙሽራ አይደለችም፣ ዝም ብለህ አሳጥባት» ይልሃል። ሌላው «አገር ቤት በእጅ ነው ያደግነው፣ በእጅ ብቻ» ይልሃል። ሁለቱም ከኪሳቸው ምንም የወጣ አይመስለኝም። ከእኔ ኪስ ግን ወጥቷል፣ ስለዚህ ቢረዝምም ታገሰኝ።

የእኔም ጥቁር ካምሪ ናት። ሜሪላንድ፣ ስልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው፣ ኡበር እሠራባታለሁ። አንተም ልትሠራባት ይመስለኛል። ባታስብም ጥቁር ካምሪ ይዘህ እዚህ አካባቢ ሳትሠራ ብዙ አትቆይም።

አጭሩ መልስ፦ ብሩሽ ወይም ጨርቅ የሚነካካው ማሽን ይጎዳል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። በውሃ ግፊትና በኬሚካል ብቻ የሚያጥበው፣ ተችለስ የሚሉት፣ አይጭርም፤ የራሱ ጣጣ ግን አለው። ረጅሙ መልስ ይኸውልህ።

1. ከመመዝገብህ በፊት ማኑዋሉን አንብብ። ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ አለልህ። እኔ የገለጥኩት ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው። የአውቶማቲክ እጥበት ብሩሾች የመኪናውን ገጽ ሊጭሩና ቀለሙን ሊጎዱ እንደሚችሉ ቶዮታ ራሱ ጽፎታል። ቴስላ ያለው ጓደኛ ካለህ ደግሞ ጠይቀው፣ የእነሱም ማኑዋል በማሽን ካሳጠባችሁ ምንም የማይነካውን ብቻ ነው የሚለው። የሠራት ሰው እንዲህ እያለ እኔ 14 ወር ሙሉ ከማን ጋር ስከራከር እንደነበር አላውቅም።

2. የምትጠብቀው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ እወቅ። ቀለም ከምንለው ውስጥ ከታች ካለው አንቲረስት እስከ ላዩ ክሊር (ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን) ድረስ፣ ሁሉም ተደምሮ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ክሊሩ 40 ወይም 50 ቢሆን ነው። የወረቀት ግማሽ! ብልጭታውም እሱ ነው፣ ፀሐይንም የሚመክተው እሱ ነው። ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ጣሪያቸው እንደ ድንች የተላጠ አሮጌ መኪኖች አይተህ የለ? ክሊራቸው ያለቀባቸው ናቸው።

ብሩሹ በራሱ ቢላ አይደለም። ድሮ እንደነበረው እንደ መጥረጊያ የሚፈትግ ናይለን አሁን እምብዛም የለም፤ ብዙዎቹ ለስላሳ ስፖንጅ መሰል ነገር ወይም ጨርቅ ነው የሚጠቀሙት። ችግሩ ከአንተ በፊት የገባው መኪና ነው። የእሱ አሸዋ እዚያ ጨርቅ ላይ ይቀራል፣ ቀጥሎ አንተ ላይ ይሽከረከራል። አንዱ ጭረት ለብቻው አይታይም። ሺህ ሲሆን ማታ ነዳጅ ማደያ መብራት ሥር ስትቆም ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር ታያለህ። (ጭረቱ ክብ እንዳይመስልህ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው። መብራቱ ዙሪያውን የሚገጥሙለትን ብቻ እየመረጠ ስለሚያበራ ነው ክብ የሚመስለው።) ነጭ ወይም ብርማ መኪና ላይም አለ፣ ግን አይታይም፤ ባለቤቱም ተኝቶ ያድራል።

3. «ከፍዬበት የለም እንዴ» ከሚል ሐሳብ ራስህን ጠብቅ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው።

አንዱ እጥበት 18 ዶላር ነበር፣ ወሩን ሙሉ 35። ሁለቴ ካሳጠብኩ ከፈልኩት፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው አልኩ። ሒሳብ ጎበዝ ነኝ እኮ! ከዚያ ትርፉን ማሳደድ ጀመርኩ። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከሥራ በፊት፣ አቧራ ባይኖርባትም ወደ ማጠቢያው ዋሻ። ጎማውን ሐዲዱ ላይ፣ ማርሹን ኒውትራል፣ እግሬን ከፍሬን ላይ፣ ስፖኪዮውን አጥፌ። ሰዎቹ በስም ያውቁኝ ነበር። ተሳፋሪውም «ንጹሕ መኪና» እያለ አምስት ኮከብ ይሰጠኛል፣ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። በ14 ወር ውስጥ ከ250 ጊዜ በላይ አሳጥቤያታለሁ። ንጹሕ መኪና 250 ጊዜ በሰው አሸዋ አስፈተግኳት ማለት ነው።

ያየልኝ ሰው እዚያው ኤርፖርት ወረፋ ላይ የነበረ አበሻ ነው። አመሻሽ ላይ ነው፣ ሻይ ይዞ መጣ፣ ኮፈኑን ጎንበስ ብሎ አየና «አንተ፣ ይቺን መኪና በሽቦ ነው እንዴ የምትፈትጋት?» አለኝ። ተናደድኩበት። ከዚያ በስልኬ መብራት ሳየው አፈርኩ።

ዊተን አካባቢ መኪና ፖሊሽ የሚያደርግ አንድ ሳልቫዶራዊ አለ፣ እሱ ጋ ወሰድኳት። ውፍረት መለኪያ አለው፣ በየቦታው እየነካ ቁጥር ያነባል። መለኪያው አጠቃላይ ውፍረቱን እንጂ ክሊሩን ለይቶ አይነግርም፣ ስለዚህ ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ በግምት ነው የሚሄደው። ጭረት ሲጠፋ ጭረቱ አልተሞላም። ዙሪያው ያለው ክሊር ተፍቆ ከጭረቱ ጋር እኩል ተደረገ እንጂ። ይሄን ያስረዳኝ እሱ ነው። «አሁን አደርግልሃለሁ፣ ሁለተኛ ግን እየፈራሁ አደርጋለሁ፣ ሦስተኛ አልነካውም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ 550 ዶላር ተቀበለኝ። ሲያወጣት እውነቴን ነው የምልህ፣ ሳገኛት እንኳ እንዲያ አልነበረችም። ፊቴን አይቼባታለሁ። ብሩሽ እንዳታስነካት ብሎ አስማለኝ፣ ማልኩ።

ምዝገባውን ግን አልሰረዝኩም ነበር። ይሄን ስጽፍ ራሱ ያንገበግበኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የወሩ 35 ዶላር ተቆረጠ የሚል መልእክት መጣልኝ። ከተቆረጠ አይቀር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ብዬ ገባሁ። ከፊቴ የግንባታ ሠራተኞች ፒካፕ ነበር፣ ጎኑ በጭቃ የተለሰነ፣ ኋላው ላይ ጠጠር የቀረበት። እንደዚያ ዓይነቱን ማስገባት የለባቸውም፤ አስገቡት። እኔ ስወጣ ዘንቦ ነበርና አላየሁም። ቤት ስደርስ ከኮፈኑ መሐል እስከ ግራ ፓራፋንጎ ድረስ እንደ ቀስት የታጠፈ ጭረት አለ። ጥፍር ያስገባል። ውስጡ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ አንቲረስቱ ድረስ ወርዷል ማለት ነው። 550 ዶላር በተከፈለ በ22ኛው ቀን!

ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ በብዕሩ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ለጭረት፣ ለአንቴና፣ ለስፖኪዮ፣ ተለጥፎ ለተሠራ ነገር ሁሉ ኃላፊነት አንወስድም ይላል። ቪዲዮ አሳየኝ አልኩት፣ «ግቢውን ሳትለቅ ነበር መናገር» አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለኝን ግን አልረሳውም፤ «ለመሆኑ ከዚህ በፊት እንዳልነበረ በምን ታስረዳለህ?» በ14 ወር ውስጥ ስሜን እየጠራ ሰላም ይለኝ የነበረ ሰው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ያለውን ክርክር ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል፣ አስቤም ነበር። ግን ጥያቄው ትክክል ነበር፣ በምን ላስረዳ? ከመግባቴ በፊት ያነሳሁት ፎቶ የለኝም። ፖሊሽ ካደረገው ሰውዬ ጋ ያለው ፎቶ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ስለዚህ የግድ ከገባህ፣ ከመግባትህ በፊት በስልክህ ዞር ብለህ ቪዲዮ ቅረጽ፤ ስትወጣም ከግቢው ሳትወጣ ዞረህ እያት።

ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን ባትላሜራ ቤት 700 ዶላር አስቀባሁ። ቀለም ቀቢው ደግሞ «ለ30 ቀን ማሽን አታስገባት፣ ለሁለት ሦስት ወር ሰም አትቀባት፣ ቀለሙ ገና ይተነፍሳል» አለኝ። ሳቅኩ።

ምዝገባውን መሰረዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ቢሮ ስሄድ በስልክህ ነው የምትሰርዘው ይሉኛል፣ ስልኩ ላይ ስገባ ቢሮ ሂድ ይላል። በዚህ መሐል ሁለት ወር ቆረጡብኝ። በመጨረሻ ባንኬ ደውዬ ነው ያስቆምኩት። ደምረው፦ ለእጥበት 14 ወርና ሁለት ወር፣ 560 ዶላር። እጥበቱ ያበላሸውን ለማስተካከል 1,250 ዶላር።

4. አሁን የማደርገውን ልንገርህ። ክረምት ላይ «ማሽን ነውር ነው» ብለህ ደግሞ ጨው ይዘህ እንዳትቀመጥ። በረዶ ከመምጣቱ በፊት መንገዱ ላይ የጨው ውሃ ሲረጩ፣ ነጭ መስመሩን አይተሃል አይደል? ያ ሁሉ ሥሯ ይገባል፣ የሚበላውም ቀለም ሳይሆን ብረት ነው። ጭረት ውበት ነው የሚወስድብህ፣ ዝገት ግን መኪናዋን ነው። ስለዚህ አየሩ ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን ተችለስ ትገባለህ፣ ሥሯንም የሚያጥበውን ትመርጣለህ፣ ስትወጣ የበሩን ጎማ በጨርቅ ታደርቃለህ፤ አለዚያ ሌሊት በረዶ ይዞት ጠዋት በሩን ስትታገል ትገኛለህ። የተችለስ ጣጣ ያልኩህ ኬሚካሉ ነው፤ ሳይነካ ለማጽዳት ሲባል ጠንካራ ስለሆነ ሰሙን ይዞ ይሄዳል። በየሦስት ወሩ እቀባለሁ፣ አለቀ። ስትወጣ በር ላይ ቆመው ፎጣ የሚያነሱትን ልጆች ግን አመስግነህ እለፍ። ያ ፎጣ ከጠዋት ጀምሮ የስንቱን ቸርኬ እንደጠረገ አታውቅም።

ሳንቲም እየከተትክ ራስህ የምታጥብበት ቦታም ጥሩ ነው። ግፊት ውሃውን ብቻ ተጠቀም። አረፋ የሚያወጣውን ባለ እጀታ ብሩሽ እንዳትነካው፤ ሰው የጭቃ ጫማውን ሳይቀር ያጥብበታል።

ሌላ ጊዜ በባልዲ ነው። አፓርታማዬ ጋራዥ ውስጥ የውሃ ጎማ መዘርጋት ክልክል ነው፣ ቢሮዋ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ደብዳቤ ጽፋብኛለች፣ እሱን ሌላ ቀን። ሳይለቀለቅ የሚደርቅ የእጥበት ፈሳሽ አለ፣ ወደ 8 ሊትር ውሃ ውስጥ ትንሽ ጠብ አድርገህ ስድስት ሰባት ማይክሮፋይበር ፎጣ ትነክራለህ። ከጣሪያ ጀምረህ ወደ ታች፣ አንድ የፎጣ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የተጠቀምክበትን ፎጣ ወደ ባልዲው አትመልስም። ቸርኬ የራሱ ጨርቅ አለው። መሬት ላይ ጠብታ አይቀርም፣ ሴትዮዋም የምትጽፈው አጣች። ጭቃ ወይም ጨው ከተሸከመች ግን መጀመሪያ በግፊት ውሃ ታራግፋታለህ። ሚያዝያ ላይ ያ ቢጫ የዛፍ ብናኝ ሲወርድም በደረቅ ጨርቅ እንዳትጠርገው።

«በእጅ ብቻ» ላለህ ወንድማችን ደግሞ፦ እጅ ሆነ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ አጎቴ ላቫጆ ነበረው፣ ክረምት ክረምት እዚያ ነበር የምውለው። አንድ ባልዲ፣ አንድ ጨርቅ፣ ኦሞ። ጎማውን ባጠብንበት ኮፈኑን እናጥባለን፣ ውሃው ቡና እስኪመስል አንቀይርም፣ ባለመኪናው ደግሞ «ጎበዝ፣ ጠበቅ አድርገህ እሸው» ይለናል። እናሸዋለን። ያኔ ስንት ሰው መኪና ላይ ያ የሸረሪት ድር እንደሠራሁ ቢታወቅ ዕዳዬ ብዙ ነው።

ሴራሚክ የሚሉትን መከላከያ ልባስ ካስቀባሃት ብሩሹ አይጎዳትም ብሎ የመከረህም አለ። ሴራሚክ ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ለማጠብ ያቀላል፣ የአሸዋ ጭረት ግን አያስቆምም። በዚያ ላይ ከከፈልክ በኋላ ብሩሽ ውስጥ ከገባህ ከእኔ በላይ ነህ።

እስካሁን ካልተመዘገብክ ተወው። ከተመዘገብክ ዛሬ ሰርዝ፣ የሰረዝክበትን መልእክት ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከሌለህ ብቅ በል፣ አሠራሩን አሳይሃለሁ። ባልዲና ፎጣ ግን የራስህን ይዘህ ና። ባለፈው ባለቤቴ የእኔን ፎጣዎች አዝናልኝ ከማለስለሻ ጋር አጠበቻቸው፣ አሁን ውሃ መምጠጥ ትተው እያንሸራተቱት ነው።