ከመሬት በታች የዋሉ ልጆች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝ ኢንዱስትሪ አብዮት ሠራተኞች ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚበዛው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ስለሠሩ ልጆች ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ገና ነፍስ ያላወቀ ልጅ እዚያ ጉድጓድ ምን ይሠራል?

መልስ፦ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። አየር በትክክል እንዲዘዋወር በየመተላለፊያው የእንጨት በር ነበር። የከሰል ጋሪ ሲመጣ ልጁ ገመድ ይስባል፤ ሲያልፍ በሩን ይመልሳል። ጉልበት አይጠይቅም። ግን ቀኑን ሙሉ በድቅድቅ ጨለማ ብቻውን ነው። በ1842 ለፓርላማ በቀረበው ሪፖርት ላይ ሳራ ጉደር የምትባል የ8 ዓመት ልጅ ቃል አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትገባለች፤ የምትወጣው አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሥራው አያደክመኝም፣ ግን ያለ መብራት ስለሆነ እፈራለሁ ትላለች። ብርሃን ስታገኝ አንዳንዴ ትዘፍናለች፤ በጨለማ ግን አትደፍርም። ይቺን ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ጥያቄ፦ ወላጆች እንዴት ጨከኑ?

መልስ፦ እኔ ጭካኔ አልለውም። አባትየው በብዙ ቦታ የሚከፈለው ባወጣው ከሰል ልክ ነበር። ጋሪ ጎታች ከቀጠረ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይወርዳል። ልጆቹ ወገባቸው ላይ ቀበቶና ሰንሰለት ታስሮ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ይጎትቱ ነበር።

ጥያቄ፦ መንግሥት መቼ ነቃ?

መልስ፦ ሐምሌ 4 ቀን 1838 ዮርክሻየር ውስጥ፣ ሃስካር ጉድጓድ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። ሰው የሚያወጣው ማሽን ቆመ። ልጆቹ በሌላ መውጫ ለመውጣት ሞከሩ። ጎርፉ ከአየር በሩ ጋር አጣብቆ 26ቱን ገደላቸው። ትንሹ 7 ዓመቱ ነበር። አገር ደነገጠ። ከ2 ዓመት በኋላ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ጥያቄ፦ የፋብሪካዎቹስ ልጆች?

መልስ፦ የ1833ቱ ሕግ በጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች መቅጠርን ከለከለ። ተቆጣጣሪዎቹ ግን ለመላው አገር 4 ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ የማዕድኑ ሕግ ሠራ?

መልስ፦ በ1842 ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከጉድጓድ ታገዱ። ትልቅ ነገር ነው። ግን የተሾመው ተቆጣጣሪ አንድ ሰው ነበር። ጉድጓድ እየወረዱ የሚመረምሩ ተቆጣጣሪዎች የመጡት በ1850ው ሕግ ነው። ሴቶቹም ደሞዛቸው በአንድ ጊዜ ቀረ። አንዳንዶቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው፣ በዝናብም በብርድም፣ ከሰሉን ከድንጋዩ ይለዩ ጀመር።