ከሳይት የመጡ ጥያቄዎች፦ ሚክሰሩ ላይ ያለው ዝምታ

የጣና ክፍለ ከተማ ተቋራጭ፦ የሻይ ዕረፍቱን ከ20 ደቂቃ ወደ 10 ባወርደው ሥራው ይፈጥናል?

አይፈጥንም። ባሬላ (ኮንክሪት የሚጫንበት መሸከሚያ) ተሸክሞ መወጣጫ ሲወጣና ሲወርድ ላረፈደ ሰው ያቺን ዕረፍት አይንኩበት።

የሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ሙሌት ሲያመሽ አሠሪው እራት አብልቶ ትርፍ ሰዓት አይከፍልም ያላችሁን፦ እራት ክፍያ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራው የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመደበኛው አንድ ተኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ 1.75 እጥፍ ይሆናል። ሰዓቱን ዕለት ዕለት አስፈርሙ። ለቀረው የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ዓባይ ማዶ ሕንፃ የምታሠራ ወጣት ሳይት ኢንጂነር ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካለች። ፎርማኑ በአባቷ ዕድሜ ናቸው። ዞር ስትል ኮንክሪቱ ላይ ውሃ ያስጨምራሉ፤ የቀን ሠራተኞቹም እያዩ ዝም ይላሉ። «ልቆጣ ወይስ ለባለቤቱ ልንገር?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ጋሼን ለብቻቸው ምክንያቱን ጠይቂያቸው። ደረቅ ኮንክሪት በባሬላ አይመችም፣ በኮለን (ምሰሶ) ፌሮ ብረቶች መሃልም በቀላሉ አይወርድም፤ ወይም ቫይብሬተሩ (ኮንክሪቱን አንቀጥቅጦ የሚያጠጋጋው መሣሪያ) ተበላሽቶ ይሆናል። ምክንያቱ ሳይነሳ ብትቆጪ ውሃው በድብቅ ይጨመራል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ከተወሰነ፣ አምስት ሊትር ሲታከልበት የውሃና የሲሚንቶው ምጥጥን ከ0.5 ወደ 0.6 ይወጣል፤ ጥንካሬው ይወርዳል። በክረምት አሸዋው ይዞት የሚመጣው ውሃም ከ25ቱ ይቀነሳል። ባልዲው ላይ በቀለም መስመር አስምሪ። ስላምፑ (የኮንክሪቱን ቅጥነት የሚለካው ሙከራ) ሁሉም በሚያይበት ይሠራ፦ 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ኮን በሦስት ዙር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ዙር 25 ጊዜ በዘንግ ይወጋል። ኮኑን እሳቸው ያንሱ፣ ኮንክሪቱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ አንቺ ለኪ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። ፎርሙ (የኮንክሪቱ ቅርጽ መያዣ) ሲፈታ ኮለኑ እግር ላይ ጠጠሩ ተገልጦ የሚታየው ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው፣ ቫይብሬተሩ መቆሙን ያየ ሰው ሳይናገር ስለቀረ ነው። ትናንት «አንተ ምን አገባህ» የተባለ ልጅ ዛሬ አፉን ይይዛል። በሙሌቱ ጧት 10 ደቂቃ ሁሉንም ሰብስቢ፤ የአሸዋና የጠጠር መለኪያ ሣጥኑ ላይ፣ ውሃው ላይ፣ ቫይብሬተሩ ላይ የሚቆመው ሰው በስሙ ይጠራ። ማንም ሰው «አቁሙ» ማለት እንደሚችል ጋሼ በራሳቸው አንደበት ይንገሯቸው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ይታመናል። መጀመሪያ ያስቆመውን ልጅ፣ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ፣ በሰው ፊት አመስግኚው። ይህ ሁሉ ሆኖ ውሃው ካልቀረ ሚክሰሩን አስቁመሽ በሳይት መዝገቡ ላይ ጻፊ፤ ለባለቤቱም በዚያው ቀን ንገሪ።

ሐይቁ ዳር መሠረት የሚያስቆፍሩት አባት፦ ሁለት ሜትር ላይ ውሃ መነጨ፤ ሠራተኞቹ አንገባም አሉ፣ ተቋራጩ ደግሞ ሰነፎች ይላቸዋል።

ልክ ናቸው፤ ማንም አይግባ። የረጠበ ጥቁር አፈር ጎኑ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። የተቆፈረው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በፓምፕ ብቻ እየሳቡ መቀጠልም አደጋ አለው፤ ውሃው አፈሩን ይዞ እየወጣ የጎረቤትን መሠረት ሊያሰምጥ ይችላል። የአፈር መሐንዲስ ቦታው ድረስ መጥቶ፣ ጉድጓዱን በዓይኑ አይቶ፣ የድጋፉን ዓይነት በጽሑፍ እስኪሰጥዎ ሥራው ይቁም። የስልክ ምክር አይቀበሉ።