ጥያቄና መልስ፦ የኮሶ ሻጯ ልጅ

ጥያቄ፦ የአፄ ቴዎድሮስ እናት በእርግጥ ኮሶ (የትል መድኃኒት) ሻጭ ነበሩ? ንጉሡስ የሰሎሞን ዘር ናቸው?

መልስ፦ ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ መኳንንት ወገን ነበሩ፤ ደምቢያን የገዙት ደጃዝማች ክንፉም የቅርብ ዘመዳቸው ናቸው። ስለዚህ «ከተራ ቤት የወጣ» የሚለው ልክ አይደለም። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ግን ባላቸው ሲሞቱ ተቸግረው ጎንደር ላይ ኮሶ ሸጡ ይባላል። ነገሩ የሚታመን ነው፤ ኮሶ መሸጥ ብዙ መነሻ አይጠይቅም ነበር፣ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ቤት ሁሉም ይፈልገው ነበር። ስድብ ያደረጉት ጠላቶቻቸው ናቸው። ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ አመጣላችኋለሁ» ብለው ፎክረው ሲማረኩ፣ ካሣ (የቴዎድሮስ የቀድሞ ስም ነው) ኮሶ አጠጧቸው ተብሎ ይተረካል።

ወደ ዘሩ ስንመጣ፣ የትውልድ ሐረግ ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ መቼ እንደተጻፈ ይዩ። ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ የተዘጋጀ ሐረግ ዘውዱን ለማጽናት የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ካሣ የነገሡበት ስም ራሱ የተመረጠው ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል የሚል የቆየ ትንቢት ስለነበረ ነው። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ የቀደሙትን ነገሥታት «አባቶቼ» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ እግዚአብሔር ከትቢያ እንዳነሣቸው ይናገራሉ። ለእኛ ከማንኛውም የዘር ሐረግ ይልቅ ክብደት ያለው ይህ ቃላቸው ነው።