ቤት ነው የሚውለው፣ ግን የለም

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። መምህርት ነኝ። ካገባሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችን። ባለቤቴ ዌብ ዴቨሎፐር ነው፤ ድረ ገጽ ይሠራል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አሜሪካ ላለ ድርጅት ከቤት ሆኖ ይሠራል። ገንዘቡ ከበፊቱ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ትዳሬ ግን ከእጄ እየወጣ ነው።

ጠዋት ወጥቼ ስሄድ ተኝቷል። 11 ሰዓት ላይ ደክሞኝ ስገባ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እራት ከልጄ ጋር ብቻችንን እንበላለን። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወራ ሳቁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። እኔ አንድ ነገር ስጠይቀው «እ?» ነው መልሱ። «አምስት ደቂቃ» ይለኛል፤ አምስት ደቂቃው ሁለት ሰዓት ይሆናል። ባለፈው ወር ልጃችንን ከመዋዕለ ሕፃናት መውሰድ ረሳ። የግቢው ጥበቃ ለእኔ ደወሉልኝ። በባጃጅ እየበረርኩ ስደርስ ልጄ ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ቆማለች። ያን ቀን ጮህኩበት። እሱም «የእኔ ሥራ አይገባሽም» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ መብራት ሲጠፋ እኔ ያጠፋሁት ይመስል ጮኸብኝ።

አማቴ ከይርጋለም መጥተው አንድ ሳምንት እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። እስከ 4 ሰዓት ሲተኛ አይተው ለጎረቤት «ልጄ ሥራ ፈቶ ሚስቱ ናት የምታኖረው» አሉ። እሱ ምንም አልመለሰም። እኔም ዝም አልኩ። አንዳንዴ ሌላ ሴት ያለችው ይመስለኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። በልጅሽ ጉዳይ መቆጣትሽ ልክ ነው። ሥራው ምንም ያህል ከባድ ቢሆን የአራት ዓመት ልጅ በር ላይ ቆማ አባቷን መጠበቅ የለባትም። ከዚህ በታች ስለ ሥራው ብዙ እጽፋለሁ። የምጽፈው እሱን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ምን እየሆነ እንዳለ ሳናውቅ ምን እንደምንቀይር ስለማናውቅ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። ከነገርሽኝ ተነስቼ ድርጅቱ በምሥራቅ አሜሪካ በኩል፣ በእነ ኒው ዮርክ ሰዓት የሚሠራ ይመስለኛል። እነሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢሮ ሲገቡ እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እነሱ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል። ይህም የብርዱ ወራት ሰዓታቸው ነው። መጋቢት መግቢያ አካባቢ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይመልሱታል። እኛ አንለውጥም። ስለዚህ በነዚያ ወራት ሥራው እኛ ጋ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ቤቱ ውስጥ የለመዳችሁት ፕሮግራም በሙሉ ይንጋደዳል።

አየሽ? አንቺ አስተምረሽ ጨርሰሽ ቦርሳሽን ስታስቀምጪ የእሱ የሥራ ቀን ይከፈታል። ልጅ ማጠብ፣ እራት፣ ማስተኛት፣ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ» መባባል፣ ይህ ሁሉ የሚሆንበት ሰዓት ለእሱ የቢሮ ሰዓት ነው። ማንም ሳያጠፋ በየቀኑ ትተላለፋላችሁ። ብዙ ባለትዳሮች ይህን «ፍቅር ቀዘቀዘ» ብለው ሲተረጉሙት አያለሁ። የፈረቃ ጉዳይ መሆኑ ሳይታወቅ ቂም ይሆናል።

ሥራው ራሱስ? ከዚህ ሙያ ለምክር የሚመጡ ሰዎች ከሚነግሩኝ ላካፍልሽ። ቀኑ በአጭር ስብሰባ ይጀመራል። ስታንድአፕ ይሉታል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። እያንዳንዱ ሰው ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደያዘው ይናገራል። «ትናንት ምንም አልሄደልኝም» ብሎ በሰው ፊት መናገር፣ ያውም በሌላ ሰው ቋንቋ፣ ቀላል አይደለም። ከዚያ ቲኬት የሚሉትን የሥራ ትእዛዝ ያነሳል። ለምሳሌ «የክፍያው ቁልፍ አንዳንድ ስልኮች ላይ አይሠራም» የሚል ይሆናል። በእሱ ላፕቶፕ ይሠራል። በእሱ ስልክም ይሠራል። ደንበኛው ጋ ግን አይሠራም። እንግዲህ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ሰው ሁሉ ዴቨሎፐር ቀኑን ሙሉ ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ ሲጽፍ የሚውል ይመስለዋል። ብዙው ጊዜ የሚሄደው ግን በማንበብ ነው። ሌላ ሰው ድሮ ጽፎት፣ ጸሐፊውም ድርጅቱን ለቆ ከሄደ በኋላ የቀረውን ኮድ መስመር በመስመር ማንበብ። ስህተቱ መጨረሻ ላይ ያለቦታው የገባች አንዲት ነጠላ ሰረዝ ልትሆን ትችላለች። ከተገኘም በኋላ አላለቀም። ባልደረባው አይቶ አስተያየት ይጽፍበታል፤ ይታረማል፤ እንደገና ይላካል። ከዚያ ድረ ገጹ ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨር ወደሚሉት፣ ይወጣል፤ ዲፕሎይ ማድረግ የሚሉት ይህን ነው። ወጥቶ አንድ ነገር ከተበላሸ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ስልኩ ይጮኻል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ የተቀመጠና ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ነው። አማትሽም ያዩት ይህንኑ ነው።

አንቺ መምህርት ስለሆንሽ በራስሽ ሥራ ላስረዳሽ። የሴሚስተር መጨረሻ ላይ ሮስተር ስትሠሪ አስቢው። የስልሳ ተማሪ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ሠላሳ ምናምነኛው ላይ ደርሰሽ በቃልሽ እየደመርሽ ሳለ አንዱ በር ከፍቶ «ቲቸር» ቢልሽ ድምሩ ከራስሽ ላይ ይበራል። እንደገና ከላይ ትጀምሪያለሽ። በሩን የከፈተው ሰው ምንም አላጠፋም፤ አንቺ ግን ፊትሽ ይቋጠራል። ልዩነቱ አንቺ ሮስተር የምትሠሪው በዓመት ሁለቴ ሲሆን እሱ አብዛኛውን ቀን እንደዚያ ሆኖ ነው የሚውለው።

ሶፊ ለሮይ የምትባል ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ያሳየችውም ይህንን ነው። ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲዞር ሐሳቡ በሙሉ አብሮት አይዞርም፤ ከፊሉ የተወው ሥራ ላይ ይቀራል። «እ?» የሚልሽ ለዚህ ይመስለኛል። አካሉ አንቺ ጋ ነው፤ ግማሽ ጭንቅላቱ እዚያች ያልተገኘች ስህተት ላይ ነው።

«አምስት ደቂቃ» የሚልሽም ሊዋሽሽ ፈልጎ አይመስለኝም። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. የጻፉበት አንድ የሰው ልጅ ባሕርይ አለ። ሥራችን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ስንገምት፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደዘገየን እያወቅን እንኳ፣ አሳንሰን እንገምታለን። ኮድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስህተቱ የት እንዳለ ሳያውቅ መቼ እንደሚያገኘው በምን ያውቃል? እሱ ሲናገረው ከልቡ ነው። አንቺ ግን ስንት «አምስት ደቂቃ» ቆጥረሽ ነው የቆየሽው! ስለዚህ ይህች ቃል ከቤታችሁ ትውጣ። በምትኩ ሰዓት ይናገር። «2 ሰዓት ላይ ተነስቼ ልጄን አስተኛለሁ» ይበልና 2 ሰዓት ላይ ይነሳ። ስህተቱ ቢገኝም ባይገኝም።

ስለ ሳቁ። ይህ ከሁሉ በላይ እንደሚያምሽ ከጽሑፍሽ ይታያል፤ ሊያምሽም ይገባል። ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚሠራ ሰው ግን በስብሰባ ላይ ደስ ያለው መምሰል የሥራው አካል ነው። አያገኙትም፤ የሚያውቁት በድምፁ ብቻ ነው። ጉልበቱን እዚያ ያፈስሰዋል፤ ለአንቺ የሚተርፈው ድካሙ ነው። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ሌላ ሴት አለች የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ሆኖም በእኔ ግምት አትደሪ። አንድ ቅዳሜ ተረጋግተሽ «እንዲህ እየተሰማኝ ነው፣ አለ ወይ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። ስልኩን በድብቅ መፈተሽ እንቅልፍ ይነሳሽ እንደሆነ እንጂ አያሳርፍሽም።

አሁን ይህን ክፍል ለእሱ አንብቢለት።

ወንድሜ፣ ሥራህ ከባድ መሆኑን አምኛለሁ። «አይገባሽም» ማለትህ ግን ሚስትህን ከኑሮህ ግማሽ ላይ አስወጥቷታል። መብራት ሲጠፋ ስብሰባው መሃል ላይ እንደተቋረጠ፣ ባልደረቦችህ ምን ይሉኛል ብለህ እንደደነገጥክ እረዳለሁ። ይህን ሁሉ ግን ለእሷ አልነገርካትም። የሰማችው ጩኸቱን ብቻ ነው። ለጩኸቱ ይቅርታ ጠይቃት፤ ልጅህንም እንዲሁ። አራት ዓመቷ ቢሆንም ይገባታል።

ከዚያ አሳያት። ልጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጥና ላፕቶፕህን ክፈት። አንድ ድረ ገጽ ክፈትና ኤፍ 12 የምትባለዋን ቁልፍ ተጫን። ገጹ የተሠራበት ኮድ ከጎን ብቅ ሲል ሁለቱም ይዩት። የአንዱን ርዕስ ቃል አጥፍተህ የልጅህን ስም ጻፍበት፤ ስሟ ገጹ ላይ ይወጣል። ለእናንተ ስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ፣ ገጹ እንደገና ሲከፈት የሚጠፋ ነገር ነው፤ ልጅህ ግን አትረሳውም። ቀጥለህ በዚህ ሳምንት ምን እንዳስቸገረህ ለሚስትህ ንገራት። መፍትሔ እንድትሰጥህ አይደለም። ሲሳካልህ አብራህ ደስ እንዲላት፣ ፊትህ ሲጠቁር ምክንያቱን እንድታውቅ ነው።

እናትህን በተመለከተ፣ ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ። ሚስትህ ብትናገር «ባሏን ልትሸፍን ነው» ይባላል። «እማዬ፣ ሥራዬ ማታ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ገብተው ሌሊት እንደሚወጡት ልጆች ነኝ፤ ጠዋት የምተኛው ለዚያ ነው» በላቸው። ሐዋሳንና አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ስትነግራቸው ሚስትህ አጠገብህ ትቀመጥ። ባለፈው ዝም ማለትህ እሷን ነው የጎዳት።

ወደ አንቺ ልመለስ። እራት ሰዓት ላይ እሱን ለማግኘት መታገሉን ለጊዜው ተዪው። በሥራ ቀን የእናንተ ምሽት ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። እሱ ተነስቷል፣ ሥራ አልገባም፣ አንቺ የምሳ እረፍት አለሽ። ትምህርት ቤትሽ ከቤት ብዙ ካልራቀ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ በሉት፣ ምሳ ቤት ብዪ። ምሳውን እሱ ያዘጋጅ፤ ጠዋቱ የእሱ ነው። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ወጪ የምታወሩበት አታድርጉት፤ እሱ ሌላ ቀን ይኖረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ላፕቶፑ ቤት ይቅርና ሦስታችሁ ወደ ሐይቁ ውጡ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ ብሉ፤ ልጅሽ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ትይ። እሱ ከቤት አለመውጣቱ ራሱ እየጎዳው ነው። ቢሮና መኝታ አንድ ክፍል ሲሆኑ ሥራ የሚያልቅበት በር የለም።

ልጅ የመውሰዱ ነገር በማስታወስ ላይ አይመሥረት። ስልኩ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ይጩኽ። በሥራ ካሌንደሩ ላይም «ልጅ ማምጣት» ብሎ ሰዓቱን ይዝጋ። በእነዚህ ሥራዎች ካሌንደር ላይ የተዘጋን ሰዓት ማክበር የተለመደ ነው፤ እሱ ሳይዘጋው ግን ማንም አያውቅለትም። በሩ ላይም ምልክት ይኑር። የልጅሽ ቀይ ሪባን እጀታው ላይ ከታሰረ ስብሰባ ላይ ነው፣ አይገባም። ሪባኑ ከሌለ ይገባል፤ ሲገባም ማዳመጫውን አውልቆ ዞር ማለት የእሱ ግዴታ ነው። ምልክቱ ለሁለታችሁም ነው። ሪባኑ ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ የሚያድር ከሆነ ስምምነቱን ያፈረሰው እሱ ነው፤ ይህንንም በግልጽ ንገሪው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቁጣው፣ እስከ ረፋድ መተኛቱ፣ መርሳቱ ከሥራው ብዛት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእረፍት ቀኑም ደስታ ከሌለው፣ ምግብ ካልጣመው፣ ጊዜ አግኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የሪባንና የምሳ ጉዳይ አይደለም። በከተማችሁ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ አብራችሁ ሂዱ። እሱ እምቢ ቢል እንኳ አንቺ ለራስሽ ባለሙያ ማነጋገር ትችያለሽ። ለዚህ የእሱን ፈቃድ አትጠብቂ።