ጥያቄና መልስ፦ ጎንደር ላይ ዘጋቢ ፊልምና የእርዳታ ፎቶ ለሚሠሩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካሜራ አለኝ። ቀጥሎ ሌንስ ልግዛ?

መልስ፦ የደረት ማይክና መቅረጫ ይቅደም። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፣ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ትቶት ይሄዳል። ማይኩን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገህ ከጋቢው ውጭ አያይዘው፤ ከውስጥ ከሆነ ጨርቁ እየታሸ ድምፁን ያበላሻል። ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ቅረጽ። ኤዲት ስታደርግ የቆረጥከውን ቦታ የምትሸፍነው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጥምቀትን ፋሲል መዋኛ ስቀርጽ ቪዲዮው ነጭ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ብርሃን በዝቶበት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጪ ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጊው። በጠራራ ፀሐይ፣ አይ ኤስ ኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ ይህ ኤፍ 22፣ ማለትም በጣም የጠበበ የሌንስ ቀዳዳ፣ ይጠይቃል። ሰፋ ባለው ኤፍ 4 ለመሥራት 5 ስቶፕ መቀነስ አለብሽ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል)፤ ኤንዲ 32 የተባለውን ጠቆር ያለ ማጣሪያ ሌንሱ ላይ ግጠሚ። ሹተሩን ብታፈጥኚው ውኃ ውስጥ የሚዘሉት ልጆች እንቅስቃሴ ይቆራረጣል።

ጥያቄ፦ ድሮንስ?

መልስ፦ ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ አታስነሣው።

ጥያቄ፦ ከተፈናቃዮች መጠለያ የላክኋቸው ፎቶዎች መግለጫ የላቸውም ተብለው ተመለሱ። እናቶቹ ግን ፈቅደውልኛል።

መልስ፦ «ችግረኛ እናት» መግለጫ አይሆንም። ማን እንደሆነች፣ የት፣ ምን ስታደርግ እንደተነሣች ጻፍ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር አስቀምጥ፤ የካሜራህ ሰዓት በ6 ሰዓት ተዛብቶ ከሆነ ፎቶው ሌላ ቀን ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ፈቃዱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የት ጠየቅሃቸው? ለስንዴ ሰልፍ የያዘች እናት፣ አዳዩ አጠገብ ቆሞ፣ እምቢ ለማለት አቅም የላትም። ከሰልፉ ራቅ አድርገህ ጠይቃት። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ እንደሚወጣ፣ ከወጣ በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለስ እንደማይቻል፣ እምቢ ብትልም ራሽኗ እንደማይቀር ንገራት። ከዚያ የገባትን በራሷ አፍ እንድትነግርህ አድርግ፤ ራስ መነቅነቅ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ለልጅ የወላጅም የልጁም እሺታ ያስፈልጋል። የሚያሳድደው ያለ ወይም ለደኅንነቱ የሚሰጋ ሰው ከሆነ ስሙን ቀይር፣ ፊቱን አታሳይ፣ ቦታውን የሚመዘግበውን የካሜራውን ጂፒኤስ አጥፋ።

ጥያቄ፦ 128 ጊጋባይት ካርድ ለቀኑ ይበቃል?

መልስ፦ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስትቀርጪ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይይዝልሻል። ማታ ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጪው፤ መብራት ቢጠፋ ኮፒው እንዳይቋረጥ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። ፋይሎቹን ከሁለቱም ዲስኮች ከፍተሽ ሳታዪ ካርዱን ፎርማት አታድርጊ።