ጥያቄና መልስ፦ የአሁን ጊዜ የሌለው ግስ

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ በገዛሁት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ፣ ልጇ የጠፋባት እናት «ዲስትሮት» (distraught፣ በጭንቀት የተናወጠች) ሆነች ይላል። «ኮት» (ያዘ) ከ«ካች»፣ «ቶት» (አስተማረ) ከ«ቲች» እንደሚመጣ ተምረናል። የዚህስ የአሁን ጊዜው ምንድን ነው? መዝገበ ቃላት ባገላብጥ አጣሁት። (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ያጡት ስለሌለ ነው። ቃሉ መልኩ የእንግሊዝኛ ኃላፊ ጊዜ ይምሰል እንጂ ሥሩ ላቲን ነው። በላቲን «ትራሄሬ» መጎተት፣ መሳብ ማለት ሲሆን፣ መለያየትን የሚያመለክተው «ዲስ» ከፊቱ ሲገባ «ዲስትራሄሬ»፣ ወዲያና ወዲህ መጎተት ይሆናል፤ የተጎተተውም «ዲስትራክቱስ» ይባላል። እንግሊዞች ይህን በመካከለኛው ዘመን «ዲስትራክት» ብለው ወሰዱት፤ ያኔ ቃሉ ቅጽልም ስለነበር፣ በሼክስፒር «ሐምሌት» አእምሮዋ የተናወጠው ኦፌሊያ የምትገለጸው በዚሁ ቅርጽ ነው። በ«ሮሚዮና ጁልየት» ግን ጁልየት መቃብር ቤት ውስጥ ብነቃስ ብላ ስትፈራ የምትናገረው «ዲስትሮት»ን ነው።

ለውጡን ያመጣው ጆሮ ነው። ጥንት «ስትሬች»፣ ማለትም ዘረጋ፣ የሚለው ግስ «ስትሮት» የሚል የተደራጊ ቅርጽ ነበረው፤ ዛሬ ቀጥ ላለ ነገር የሚነገረው «ስትሬት» የዚያው ወንድም ነው። ከ«ትራሄሬ» ጋር ዝምድና ባይኖረውም፣ ተናጋሪዎች የባዕዱን ቃል ጫፍ በለመዱት በዚህ ድምፅ ተኩት።

ስህተት ነው ለማለት አልደፍርም። እኛም ከጣልያንኛ የመጣውን «ፊርማ» ተቀብለን፣ ፈለገ፣ ተፈላለገ እንደምንለው ሁሉ ፈረመ፣ ተፈራረመ እያልን አርብተነዋል፤ ዛሬ ባዕድነቱ የሚታወሰው ያለ አይመስለኝም። «ኮንትራት» ደግሞ ከዚያው ከ«ትራሄሬ»፣ ወደ አንድ መሳብ ከሚለው የመጣ የ«ዲስትሮት» የሥጋ ዘመድ ነው። ስለዚህ ቤት አከራይና ተከራይ «ኮንትራት ተፈራረሙ» ሲባል ሁለቱም ቃላት የላቲን ዘር ናቸው፤ የአማርኛ ግስ ለመሆን የበቃው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቅርጾች ኋላ ሥራ ተከፋፈሉ። «ዲስትራክት» ሐሳብ መስረቅን ለመሰለ ቀላል ጉዳይ የሚውል ግስ ሆኖ ሲቀር፣ ጭንቁና ሐዘኑ ለ«ዲስትሮት» ደረሰው። እናትየዋን «ተጨነቀች» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ እኔ ብሆን ግን መጎተቱ እንዳይጠፋ «ልቧ ወዲያና ወዲህ ባከነ» እል ነበር።