አጥቂው መጣ፣ አማካዩስ? የማንቼ ደጋፊዎች ጥያቄ

ይህን የምጽፈው በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ የ2025/26ን የፕሪሚየር ሊግ ልንጀምር ስንል ነው። እሁድ ነሐሴ 11 ከምሽቱ 12፡30 ከአርሴናል ጋር እንጀምራለን። ከዚያ በፊት የተጠራቀሙትን ጥያቄዎች ልመልስ። ባለፈው ሳምንት «የማንቸስተር ዩናይትድ ስብስብ እንዴት ይስተካከል?» ብዬ ነበር። ሳጥኑ ሞላ። ግማሹ ስድብ ነው፤ ከአርሴናል ደጋፊዎች የመጣ። እሱን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

ለረሳ ሰው ላስታውስ። አምና በ42 ነጥብ 15ኛ ሆነን ጨረስን። ከ38 ጨዋታ 18ቱን ተሸነፍን። ቢልባኦ ላይ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደርሰን ቶተንሃም 1 ለ 0 ሸኘን። ስለዚህ ዘንድሮ የአውሮፓ ውድድር የለንም።

«ወንድሜ፣ መሀል ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ሳይኖረን አጥቂ ላይ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ማፍሰስ ምን ይባላል? ጣሪያው እያፈሰሰ መጋረጃ መግዛት አይደለም?» (ከዱባይ)

ምሳሌህን ወድጄዋለሁ። ግን ቤቱ በርም አልነበረውም።

ሚያዝያ 9ን አስታውስ። ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ከስግደት ተመልሰን፣ ጉልባናችንን በልተን፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። ጨዋታው ከሊዮን ጋር ነው። 2 ለ 0 መራን። 2 ለ 2 ሆነ። ተጨማሪው ሰዓት ላይ ሊዮኖች 4 ለ 2 መሩን፤ ያውም በ10 ሰው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ነጠላውን ተከናንቦ «እኔ ነገ ስግደት አለብኝ» ብሎ ወጣ።

አሰልጣኛችን አሞሪም ምን አደረገ? ሃሪ ማጓየርን ከተከላካይ መስመር አንስቶ ፊት አቆመው። የቀረውን ታውቀዋለህ። ብሩኖ በፍጹም ቅጣት ምት፣ ማይኖ በ120ኛው ደቂቃ፣ ማጓየር በ121ኛው በጭንቅላት። 5 ለ 4። ባለነጠላው ሰውዬ ጩኸቱን መንገድ ላይ ሰምቶ እየሮጠ ተመለሰ። በር ላይ ያለው ልጅ «እንደገና ትከፍላለህ» አለው። ከፈለ።

ያን ሌሊት ጨፍረናል። አልጋዬ ላይ ስጋደም ነው ነገሩ የገባኝ። ጎል ስትፈልግ በ80 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛኸውን ተከላካይ ፊት የምታቆም ከሆነ፣ አጥቂ የለህም ማለት ነው። ቁጥሩም ይኸው ነው። አምና በሊጉ ያገባነው 44 ጎል ብቻ ነው። ከአጥቂዎቻችን ሆይሉንድ 4፣ ዚርክዚ 3። ሁለቱ ተደምረው 7።

አሁን የመጡትን ተመልከት። ኩኛ አምና ለዎልቭስ 15 ጎል አግብቷል፤ ያውም ከእኛ ቀጥሎ 16ኛ ለወጣ ቡድን። ምቤሞ ለብሬንትፎርድ 20። ሁለቱም ሊጉን ያውቁታል፣ መላመድ የሚባል ሰበብ የላቸውም። እነዚህን ሁለቱን ያለ ቅሬታ ተቀብያለሁ። ሼሽኮ ግን ቁማር ነው። ገና 22 ዓመቱ ነው፤ አምና ለላይፕዚግ በቡንደስሊጋው 13 ጎል አግብቷል። ቁመት አለው፣ ፍጥነት አለው። ሆይሉንድም ሲመጣ ይኸው ተብሎለት ነበር።

አማካዩ ላይ ግን እውነትህን ነው፤ ምንም አልከራከርህም። በአሞሪም 3-4-2-1፣ ማለትም ከሦስት ተከላካይ ፊት አራት ሰው በሚቆምበት አሰላለፍ፣ ሁለቱ በመስመር ስለሚጫወቱ መሀል ላይ የሚቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ተጋጣሚ ሦስት ያሰልፋል። ስለዚህ ሁለቱ የሦስት ሰው ሳንባ ያስፈልጋቸዋል። ያሉን እነማን ናቸው? ካሴሜሮ 33 ዓመቱ ነው። ብሩኖ በሚቀጥለው ወር 31 ይሞላዋል፤ ደግሞ እሱን ከጎል አርቆ ማጫወት ስለታም ቢላዋ ሽንኩርት መላጫ እንደማድረግ ነው። ኡጋርቴ ኳስ ይነጥቃል፣ ከነጠቀ በኋላ ነው ችግሩ። ማይኖ 20 ዓመቱ ነው፤ እሱን ለማንም አልሰጥም።

ስሙ የሚነሳው የብራይተኑ ካርሎስ ባሌባ ነው። ልጁ ይመቸኛል። ችግሩ ሻጩ ነው። ብራይተን አማካዩን ካይሴዶን ለቼልሲ ሲሸጥ ዋጋው እስከ 115 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷል። እነሱ ዘንድ ሄዶ «ቀንሱልኝ» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ብሆን ሌላ ቦታ ስሙ ያልገነነ፣ 22 ወይም 23 ዓመት የሆነው፣ የሚሮጥ ልጅ እፈልጋለሁ። ስም ያለው የ30 ዓመት ሰው ግን ድጋሚ እንዳታመጡብኝ። ካሴሜሮ በ2022 ሲመጣ 30 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ማር ነበር፤ የሊግ ካፑን አንስተናል። ከዚያ በኋላ እግሩ አልታዘዘውም፣ ደሞዙ ግን ያው ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የገዛው ሰው ዕድሜ መቁጠር ነበረበት።

«ማክቶሚናይን ለምን ሸጥነው? ኔፕልስ ላይ ሲነግሥ ሳይ ቆሽቴ ያርራል።» (ከሐዋሳ)

የኔም። አማካዩን በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸኘነው። እሱ ሄዶ በሴሪ አው 12 ጎል አገባ፣ ናፖሊን ሻምፒዮን አደረገ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ዋንጫውን ባረጋገጡበት የካልያሪ ጨዋታ የመጀመሪያውን ጎል አየር ላይ ተንጋሎ ያገባው እሱ ነው።

ለምን ተሸጠ ላልከው፣ መልሱ ሜዳ ላይ ሳይሆን ሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። ማክቶሚናይ ሲሸጥ በነበረው ሕግ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም ነበር። ተጫዋች ሲገዛ ደግሞ ዋጋው ለኮንትራቱ ዓመታት ተከፋፍሎ ነው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው። ዕቁብ መጀመሪያ እንደ ደረሰው ሰው አስበው። ብሩን ወስደሃል፣ ተዝናንተህበታል፣ ክፍያው ግን በየሳምንቱ በርህን ያንኳኳል።

የመስመር አጥቂውን አንቶኒን እንውሰድ። በ2022 ከአያክስ በ95 ሚሊዮን ዩሮ መጣ፣ የአምስት ዓመት ኮንትራት። በዓመት 19 ሚሊዮን ማለት ነው። ዛሬ ሦስት ዓመቱ አልፏል፤ መዝገቡ ላይ ገና 38 ሚሊዮን ቀርቶበታል። ከዚያ በታች ከሸጥከው ኪሳራ ተብሎ ይጻፋል። ማን ነው 38 የሚሰጥህ?

ማክቶሚናይ ግን አካዳሚ ያደገ ልጅ ነው። ግቢህ ያሳደግከው በግ በለው፤ ስትሸጠው ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ለዚህ ነው ክለቦች መጀመሪያ የራሳቸውን ልጆች ገበያ የሚያወጡት። የአንቶኒን ዕዳ የከፈለው ማክቶሚናይ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። አሁን ደግሞ ማይኖን በዚያው ዓይን የሚያይ ሰው ክለቡ ውስጥ እንዳይኖር ነው ጸሎቴ።

«መች ነው የምትወርዱት?» (የአርሴናል ደጋፊ፣ ፒያሳ)

አንዱን ስድብ ላውጣው ብዬ ነው። ወንድሜ፣ አንተ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ የምትጠብቀው ከ2004 ጀምሮ ነው። ትዕግስቱን አስተምረን።

«ጋርናቾ ገና ልጅ ነው። ራሽፎርድም የሰፈር ልጅ ነው። ሁሉንም ማባረር ስብስብ መገንባት ነው እንዴ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መሸጡን ልቀበለው እችላለሁ። የማልቀበለው አሻሻጡን ነው።

በሬውን ሊሸጥ ገበያ የወጣ ገበሬ አይተሃል? ጎኑን ያሻሸዋል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ «ሲያርስ ብታየው!» ይላል። «ይሄ በሬ ሰነፍ ነው፣ ቤቴ አላስገባውም» የሚል ሻጭ አላየሁም። የእኛ ክለብ ግን ይህንኑ ነው ያደረገው። አምስት ተጫዋቾችን ከዋናው ቡድን ለይቶ ለብቻ ልምምድ እንዲሠሩ አደረገ፤ ራሽፎርድ፣ ጋርናቾ፣ ሳንቾ፣ አንቶኒ፣ ማላሲያ። ዓለም ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ገዢው ለምን ይቸኩላል? ቁጭ ብሎ ዋጋው እስኪወርድ ይጠብቃል። ራሽፎርድ ባርሴሎና የሄደው በውሰት ነው። ጋርናቾ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተሸጠም።

ደግሞ የማትረሳው ታሪክ አለ። ፖግባን በ2012 በነጻ ለቀቅነው፣ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ ከጁቬንቱስ መልሰን ገዛነው፣ በ2022 ድጋሚ በነጻ ሄደ። እንዲህ የሚነግድ ሰው መርካቶ ውስጥ አንድ ሳምንት አይቆይም።

«አጥቂውን ኦሲምሄንን ለምን አልገዛንም?» (ከባሕር ዳር)

ጋላታሳራይ በ75 ሚሊዮን ዩሮ ጠቅልሎ ወሰደው። አለቀ። ደስ ይለኝ ነበር።

«ኦናና ይቅርብን። በረኛ ላይ ስንት እናውጣ?» (ከአዳማ)

ትንሽ። አትሳቅ፣ የምሬን ነው። ፒተር ሽማይክል በ1991 የመጣው በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ቫን ደር ሳር በ2005 ከፉልሃም ሲመጣ 34 ዓመቱ ነበር፤ ዋጋውም ሁለት ሚሊዮን አካባቢ። ሁለቱም የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አንስተዋል። ኦናናን ያመጣነው በእግሩ ስለሚጫወት ነው። ኳስ ማቀበሉን አልጠላሁትም። ግን ከ5 ለ 4ቱ በፊት፣ ሊዮን ሜዳ ላይ በነበረው የመጀመሪያው ጨዋታ ሁለቱ ጎሎች እንዴት እንደገቡበት አይተናል። እኔ የምፈልገው የመጣለትን ኳስ የሚይዝ ሰው ነው። ከአማካዩ ቀጥሎ ሁለተኛው ግዢ ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

«አሞሪም ያንን 3-4-2-1 ሙጭጭ ብሎ ይዞ የለም? ለእሱ ሲባል ቡድኑ ይፍረስ?» (ከነታንያ)

ይህ ጥያቄ ነው ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ፈርጉሰን በ2013 ከሄደ ወዲህ አሞሪም ስድስተኛው ቋሚ አሰልጣኝ ነው። ሞይስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ፣ እሱ። ስድስት ሚስት እያገባ የፈታ ሰው ቤት ገብተህ ታውቃለህ? የአንዷ ቁም ሳጥን፣ የሌላዋ ሶፋ፣ የሌላዋ ምንጣፍ። አንዱም ከአንዱ አይሄድም። የእኛ የመልበሻ ክፍል እንደዚያ ነው። ማጓየር የሶልሻየር፣ አንቶኒ የቴን ሃግ። ዶርጉ ደግሞ ለአሞሪም የመስመር ቦታ ተብሎ በጥር ከሌቼ መጣ።

አሰላለፉን አልጠላውም። ሊዝበን ላይ ከስፖርቲንግ ጋር ዋንጫ በልቶበታል። ግን ግዢው በሙሉ ለእሱ ብቻ ከሆነ፣ እሱ የተባረረ ቀን ከዜሮ እንጀምራለን። ለዚህ ነው ኩኛና ምቤሞ ላይ ደስ ያለኝ። ማንም አሰልጣኝ ቢመጣ፣ በምንም አሰላለፍ ቢጫወት ቦታ አያጡም። አማካዩም እንዲህ ዓይነት ሰው መሆን አለበት። የመስመር ተመላላሽ ግን ሌላ አልገዛም። ነገ በአራት ተከላካይ የሚጫወት አሰልጣኝ ቢመጣ ምን ልናደርገው ነው?

ሊቨርፑልን ማመስገን ያመኛል፣ ግን ልናገር። በጥር 2018 ኩቲንሆን ለባርሴሎና ሸጡ። በዚያው ጥር ቫን ዳይክን አስገቡ፣ ክረምቱ ላይ አሊሰንን ደገሙ። ምርጥ አጥቂ አማካያቸውን ሸጠው መሀል ተከላካይና በረኛ ገዙ። በ2019 ቻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 ፕሪሚየር ሊግ። የሚጎድላቸው ቦታ የቱ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ አሰልጣኙም፣ ገዢውም፣ ከፋዩም አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። እኛ ጋ ዳን አሽዎርዝ የስፖርት ዳይሬክተር ሆኖ አምስት ወር ቆየ። አምስት ወር! የቤት ኪራይ ውል እንኳ ከዚያ ይረዝማል።

አሞሪም ይቆይ ወይ ካልከኝ፣ እስከ ገና ልታገሠው። የአውሮፓ ጨዋታ ስለሌለ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ ያሠራል። አምና ያላገኘው ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ «ጊዜ አጣሁ» አይሠራም።

«ባለቤቴ ማንቼ ነው። ሲሸነፍ እራት አይበላም። ልጆቹም እንደሱ ሆነዋል። መቼ ነው የሚያበቃው?» (እህታችን፣ ከጎፋ)

እህቴ፣ ቅዳሜና እሁድን ቃል አልገባልሽም። ይህን የመጀመሪያውን እሁድ ደግሞ ፍልሰታ ስለሆነ ሽሮው ቀዝቅዞ ቢቀር አይክፋሽ፤ ከአርሴናል ጋር ነው። ሐሙስ ማታ ግን፣ የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ ስለሌለን፣ ዘንድሮ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው።